ሁለት ብሎንና አንዲት ፍልሰታ

ጥርስን በሕፃንነት የሚሰጥ፣ በሽምግልና የሚወስድ፣ በመካከሉም በዚያው አፍ የሚመሰገን አምላክ ስሙ ከፍ ከፍ ይበል።

ይህን የምጽፈው ድኜ አይደለም። የዳነ ሰው ምስክርነቱን በየአደባባዩ ይናገራል፤ ያልዳነ ግን አፍሮ ዝም ይላል። እኔም ሰባት ወር ዝም ብዬ ቆየሁ። ነገር ግን ከኮልፌ አጠና ተራ እስከ ሳንሱሲ ድረስ በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ጥርሳቸው የሚነቃነቅ፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። እኔ የወደቅሁበትን ጉድጓድ አይተው ቢያልፉት፣ ዝምታዬን መስበሬ ከንቱ አይሆንም።

ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው እየዞርሁ ዜማና አቋቋም ተምሬ፣ በሠላሳ ዓመቴ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ በአጥቢያችን በመሪጌትነት ሳገለግል ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሥራውን ለማያውቅ ልንገር። በዓል በሆነ ጊዜ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። መሪጌታው ብቻውን ድምፁን አንሥቶ ይመራል፤ የቀሩት ይቀበሉታል። እርሱ ካልጀመረ የሚጀምር የለም፤ እርሱ ከተሳሳተም ስሕተቱ የሁሉም ነው። ዜማ ከጉሮሮ የሚወጣ ይመስለን ነበር። ከጉሮሮ ይወጣል፤ ዳሩ ግን ቅርጽ የሚይዘው በከንፈርና በፊት ጥርስ መካከል መሆኑን ያወቅሁት ጥርሴን ካጣሁ በኋላ ነው።

የሕመሜ መነሻ ትንሽ ነገር ነበረች። በማለዳ መፋቂያዬን ሳወጣ ጫፉ ላይ ደም አያለሁ። እንጨቱ ሻካራ ነው ብዬ ለወጥሁት። አዲሱም ደማ። ቀጥሎ የቀኝ ጆሮዬን ይቆረቁረኝ ጀመር፤ በሰፈራችን ወዳለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሄድሁና የጆሮ ጠብታ ተሰጠኝ። አንድ ወር ጠብ አደረግሁ፤ ቁርቁራቱ አልተወኝም። በሌላ ቦታ ያየኝ ባለሙያ ደግሞ «ነርቭ ነው» ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። ጆሮዬ ጤነኛ፣ ነርቬም ጤነኛ እንደ ነበረ የተነገረኝ ከዓመት በኋላ ነው። ሕመሙ የድድ ነበር፤ ከጥርሴ ሥር ተነሥቶ ወደ ጆሮዬ የሚወጣ። እኔም በበኩሌ ውኃ አብዝቼ መጠጣቴን፣ ክብደቴም መቀነሱን ለማንም አልተናገርሁም። እርጅና ነው ብዬ ተውሁት። ሰው ስሙን የማያውቀውን ሕመም ሁሉ እርጅና ይለዋል።

የታቦታችን ዓመታዊ በዓል ጥር ውስጥ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ በዓል ቆሜ ስመራ፣ አንድ ከፍ ያለ ዜማ ላይ ስደርስ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ አንዱ ከሥሩ ተለቆ ምላሴ ላይ ወደቀ። ሕመም አልነበረውም። እንደ ጠጠር ነገር ተሰማኝ። ዜማውን ላቋርጥ አልቻልሁም፤ ሁለቱ ረድፍ ዓይኑን እኔ ላይ አድርጓል። ጥርሱን በጉንጬ ወሽቄ የጀመርሁትን ጨረስሁ። ሌሎቹ ሲቀበሉ ጎንበስ ብዬ በነጠላዬ ጥለት ቋጠርሁት። ከአጠገቤ የቆመው መሪጌታ ጥበቡ ብቻ አየኝ። ጥበቡ የጉባኤ ቤት ጓደኛዬ ነው፤ አብረን ለምነን በልተናል፣ በአንድ ደበሎም ተኝተናል። በሕይወቱ አንድ ቀን ቀልድ አምልጦት አያውቅም።

የቀሩት ሦስቱ የፊት ጥርሶቼም ፋሲካ ሳይደርስ ተከታትለው ተነቀሉ። ድምፄ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን በባዶው ቦታ ነፋስ እየገባ ያፏጫል። ጥበቡ አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ያዘና፣

«መሪጌታ፣ ከበሮም አለን፣ ጸናጽልም አለን፤ ይህን ዋሽንት ግን ማን ፈቅዶልህ ነው ያስገባኸው?» አለኝ።

ሊቃውንቱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ አፌን በነጠላ ሸፍኜ። ቤቴ ገብቼ ግን ምሳ አልበላሁም።

ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራሁ። ለመብላትና ለመነጋገር ደኅና ነበር። በሚቀጥለው የጥር በዓል ግን ድምፄን ከፍ ሳደርግ ከላንቃዬ ተላቆ ወረደብኝ። በእጄ ገፍቼ መለስሁት፤ እንደገና ወረደ። በሦስተኛው ጊዜ አፌን ዘጋሁ፤ ዜማውን ጥበቡ ነጠቀና ጨረሰው። ያን ዕለት በልቤ ተሳልሁ፦ በሚመጣው ዓመት በዚህ ቦታ ቆሜ፣ በጸና ጥርስ፣ ያቋረጥሁትን ዜማ እጨርሳለሁ ብዬ። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ታሪክ ግንዱ ይህ ስእለት ነው።

ልጄ ሰናይት ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና ጎኔ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የማይወልቅ ጥርስ አለ እኮ። ኢምፕላንት ይባላል።»

ነገሩን አስረዳችኝ፤ በኋላም ካከመችኝ ሐኪም በሚገባ ተረዳሁት። የመንጋጋ አጥንት ተበስቶ ታይታኒየም ከሚባል ማዕድን የተሠራች ትንሽ ብሎን ትተከላለች። አጥንቱ በሦስትና በአራት ወር ብሎኗን ያቅፋታል፤ ካቀፋት በኋላ በላይዋ ጥርስ ይታሠርባታል። ለእኔ ለአራቱ ጥርሶች ሁለት ብሎን ይበቃኛል ተባለ።

ባለቤቴ የሺእመቤት ይህን ስትሰማ መሐረቧን ፈትታ እንደገና አሰረች፤ ስትቆጣ እንዲህ ታደርጋለች።

«አንተ ሰው፣ ከአፈር የተሠራ ሰው ብረት ነክሶ ወደ አፈር ይመለሳል? ብረት በአፍህ ይዘህ ልትቀበር ነው?»

«እማዬ፣ አንቺስ በጆሮሽ ወርቅ አንጠልጥለሽ የለም?» አለቻት ሰናይት።

«ጉትቻ ይወልቃል!»

«እንግዲያው ስትገንዙኝ መፍቻ ይዘሽ ነዪ» አልኋት። ሰናይት ሳቀች፤ እናቷ አልሳቀችም።

የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። «ጥርስ መተካት ኃጢአት አይደለም፤ በተተካው መመካት እንጂ» አሉኝ። የመጀመሪያውን ሰማሁ፤ ሁለተኛውን አልሰማሁም።

ስለ ዋጋው አልጽፍም፤ አንባቢን ከማስደንገጥ በቀር አይጠቅምም። ሰናይት ከሁለቱ የስፌት መኪኖቿ አንዱን እንደ ሸጠች ብቻ ልናገር። «አንዱ ይበቃኛል፣ ሁለት እጅ ነው ያለኝ» አለች። እናቷ ለሳምንት ያህል ከእኔ ጋር በቃል ሳይሆን በሳህን ነበር የምትነጋገረው፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነበር የምታስቀምጠው።

የጥርስ ክሊኒኩ ዘነበወርቅ ላይ ከታክሲ ወርደው ትንሽ በእግር የሚሄዱበት ነው። በመጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ በትልቁ የምትስቅ ወጣት ሴት ሥዕል ነበረች፤ ጥርሷ ሠላሳ ሁለት ሳይሆን ስድሳ ይመስላል። ከሥሯ እኛ ጉንጫችንን ደግፈን ቁጥር እንጠብቃለን። ቴሌቪዥኑ በአማርኛ የሚናገሩ የባዕድ አገር ባልና ሚስት ጥል ያሳያል። በእኔና በግድግዳው መካከል የተቀመጠ ጎልማሳ፣ ከውስጥ የመሰርሰሪያው ድምፅ በተሰማ ቁጥር ያማትባል። «አባቴ፣ ያማል እንዴ?» አለኝ። «እኔም ገና ነኝ፣ ልጄ» አልሁት። አብረን አማተብን።

ሐኪሟን ሄርሜላ እላታለሁ። በዕድሜ ከሰናይት ብዙ አትበልጥም። ሱሪ ለብሳለች፤ አፍና አፍንጫዋ በጭንብል፣ ፀጉሯ በቆብ ተሸፍኗል። በአንገቷ ማተብ ፈለግሁ፤ አላየሁም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የደም ምርመራ አዘዘች። ውጤቱን ይዤ ስመለስ አንብባ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«አባባ፣ ስኳር እንዳለብዎት ያውቃሉ?»

አላውቅም ነበር። ድዴን ያላላው፣ ጥርሴን ያራገፈው፣ ውኃ ያስጠጣኝ እርሱ ነበር። ያለ ምክንያት ጠብታና መርፌ የተቀበልሁባቸው ወራት በዓይኔ ፊት አለፉ። ሄርሜላ ስኳሩ ሳይወርድ ብሎን አልተክልም አለች። ጤና ጣቢያ ክትትል ጀመርሁ፤ እንክብል ዋጥሁ፤ በየማለዳው ከኮልፌ ሽቅብ ቁልቁል እሄዳለሁ። በአራት ወር ስኳሩ ወረደ። ያን ጊዜ የነበረኝ ደስታ! ለካ ተስፋም እንደ ስኳር ነው፤ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል።

«ሐምሌ ሃያ አምስት ይመችዎታል፣ አባባ?» አለችኝ።

ሐምሌ ሃያ አምስት። የፍልሰታ ጾም የሚገባው ነሐሴ አንድ ነው፤ አምስት ቀን ብቻ ይቀራል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በፍልሰታ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ይቀደሳል፤ ሕዝቡ ሕፃናቱን ይዞ ይቆርባል፤ እኔም ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በእነዚያ ቀናት ቅዳሴው እስኪያልቅ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውኃ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ነገር ግን ጣቴን አጥፌ ቆጠርሁ፦ ሐምሌ ከተተከለ አጥንቱ እስከ ኅዳር ያቅፈዋል፤ ታኅሣሥ ጥርሱ ይታሠራል፤ ጥር ስእለቴን አደርሳለሁ። ብታዘገየው አልደርስም።

«ይመቸኛል» አልሁ።

ማደንዘዣው ከገባ በኋላ ሕመም አልነበረም። የሚያስፈራው ድምፁ ነው፤ በራስ ቅል ውስጥ የሚሰማ ወፍጮ። እጆቼን በደረቴ አጣምሬ የተማርሁትን ዜማ ሁሉ በልቤ አዜምሁ። ሲያልቅ ሄርሜላ ጓንቷን አውልቃ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ እነዚህን ብሎኖች ችግኝ በሏቸው፣ እሺ? ችግኝ ውኃ ይፈልጋል፣ አጥር ይፈልጋል፣ ፍየል እንዲነካው አይፈልግም።»

«ፍየሉ ማን ነው?»

«ምላስዎ! አይነካኩት።»

ሳቅን። ከዚያ በወረቀት ጻፈችልኝ። አንቲባዮቲክ የሚባለው፣ ቁስል እንዳይመረቅዝ የሚከለክለው እንክብል፣ በየስምንት ሰዓቱ፣ ከምግብ በኋላ። የስኳሩ መድኃኒት ሳይቋረጥ፣ ጠዋትና ማታ። የአፍ መጉመጥመጫ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ተጉመጥምጦ መትፋት። ለስላሳ ምግብ በየሰዓቱ፤ ሆድ ባዶ እንዳይሆን። «ግልጽ ነው፣ አባባ?» አለች። «ግልጽ ነው፣ ልጄ» አልሁ። ግልጽ ነበር። ከነሐሴ አንድ ጀምሮ አንዱንም እንደማልፈጽመው ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ለእርሷ ግን አልነበረም።

ለምን አልተናገርሁም? ይህን ጥያቄ ለራሴ እንደ ቅኔ ፈታሁት፤ ሰሙም ወርቁም አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ ትዕቢት ነው። ማተብ የሌላት፣ ሱሪ የለበሰች ልጅ፣ ስለ ጾም ምን ታውቃለች አልሁ። ትስቅብኛለች፣ ወይም እንደ ሕፃን ትገሥጸኛለች አልሁ። ደግሞም ብነግራት ቀኑን ታራዝመዋለች፤ ስእለቴ ያልፋል።

ፍልሰታ ገባ። ሦስቱን የእንክብል ሰዓት ወደ ሁለት አጠፍሁት፤ የጠዋቱን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከቀኑ ጋር አንድ ላይ እውጣለሁ። የስኳሩም እንደዚያው። በቆረብሁባቸው ቀናት ደግሞ መጉመጥመጫውን ፈጽሞ አልነካሁትም። የቆረበ ሰው ምራቁን እንኳ አይተፋም፤ ይህ ከልጅነቴ የተማርሁት፣ ለሌሎችም ያስተማርሁት ሥርዓት ነው። ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ፣ እኔ ከሥሩ ተቀምጬ፣ ቁስሌ አፌ ውስጥ ሲፈላ እየተሰማኝ አመሸሁ።

የሺእመቤት በአራተኛው ቀን ከፊቴ ቆመች።

«አምና ጎረቤታችን እማማ ዘርፌ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በጾም ሰዓት ይውሰዱ አይውሰዱ ብለው ሲጠይቁህ ምን አልሃቸው?»

«የታመመ ሰው ፈቃድ አለው፤ ይውሰዱ አልሁ።»

«ታዲያ አንተ ምንድን ነህ?»

«እኔ መሪጌታ ነኝ።»

«መሪጌታ አይታመምም?» አለችና ሳህኑን አስቀመጠች። የዚያን ቀን ድምፅ አላሰማችም። ይህ ከሁሉ የባሰ ነበር።

በዐሥረኛው ቀን ለክትትል አብራኝ መጣች። ሄርሜላ ስፌቱን አየች።

«ትንሽ ቀልቷል። አባባ፣ እንክብሉን በቀን ሦስት እየወሰዱ ነው?»

«ሦስቱንም እወስዳለሁ።»

«መጉመጥመጫውስ?»

«አለ።»

ሦስቱን መውሰዴ እውነት ነበር፤ ሰዓታቸውን አልተናገርሁም። ጠርሙሱም አለ፤ መደርደሪያው ላይ ነው። ሳልዋሽ ዋሸሁ፤ ይህን ጥበብ ያስተማረኝ ትምህርቴ ራሱ ነው። የሺእመቤት መሬት መሬቱን አየች። በሰው ፊት ባሏን የማታዋርድ ሴት ናት፤ ያን ቀን ብታዋርደኝ ኖሮ ባዳነችኝ።

«ጎበዝ አባባ!» አለችኝ ሐኪሟ።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ከንፈሬ አበጠ። አፌ የማይነገር ጣዕም ያዘ። ምላሴ፣ ያ ፍየል፣ ሄዶ ሲነካው አንደኛው ብሎን ተነቃነቀ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ቀናት ልገልጻቸው አልችልም። ቅዳሴ ቆሜ ስለ ዓለሙ ሁሉ ሲጸለይ እኔ የማስበው አንድ ብሎን ነበር።

ጾሙ እንደ ተፈታ ሄድን። ሄርሜላ ራጅ አንሥታ ሥዕሉን በብርሃን ፊት ያዘችው። በብሎኖቹ ዙሪያ ጥቁር ጥላ ነበር። አጥንቱ ሊያቅፋቸው ሲገባው ሸሽቷቸዋል።

«አይገባኝም» አለች። «ስኳሩ ወርዶ ነበር። አጥንትዎ ጥሩ ነበር። ምን አጠፋሁ?»

የሺእመቤት ያን ጊዜ መሐረቧን ፈታች።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ። ይጾማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። ሲቆርብም አይጉመጠመጥም።»

ቁጣ ጠበቅሁ። ወይም ሳቅ። ሄርሜላ ግን ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ጭንብሏን ወደ አገጯ አወረደች፤ የልብሷን የአንገት ቁልፍ ፈታች፤ ሙቀት እንደ ያዘው ሰው። ከውስጥ ጥቁር ማተብ ወጣ፤ ከላብ የተነሣ አንገቷ ላይ ተጣብቋል።

«አባባ፣ እኔም እኮ እጾማለሁ» አለች። «ዛሬ ገና መፍታቴ ነው። ቢነግሩኝ ነሐሴ መጨረሻ፣ መስከረም ላይ አደርገው ነበር እኮ። ለአንድ ወር ማዘግየት ምን ነበረበት? መሪጌታ መሆንዎን እያወቅሁ፣ ስንት ሰዓት ድረስ እንደሚጾሙ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። የምትገሥጸኝ መስሎኝ የፈራኋት ልጅ ጥፋቴን ለራሷ ልትካፈል ፈለገች። በዕድሜዬ ብዙ ንስሐ ገብቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያፈርሁበት ግን የለም።

አንዱን ብሎን ያን ዕለት አወጣችው። ሁለተኛውን በመድኃኒት ለማዳን አንድ ወር ደከመች። እኔም አንድም ሰዓት አላሳለፍሁም፤ አሁን ታዘዝሁ፤ ያለፈበት ታዛዥ። በመስከረም መጨረሻ እርሱም ወጣ። ድጋሚ ይቻል እንደሆነ ጠየቅናት። አጥንቱ በዚያ ቦታ ሳስቷል፤ ከሌላ ቦታ አጥንት ወስዶ መጨመር፣ ያም እስኪጸና ወራት መጠበቅ፣ ስኳሩም በመካከሉ ዳግም ከፍ ብሏል። «አሁን አልመክርዎትም፣ አባባ» አለች። «ወደፊትስ?» አለች ሰናይት። ሐኪሟ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ሰናይት ወደ አንዷ የስፌት መኪናዋ ተመለሰች። እስካሁን ድረስ አንድ ቃል አልወቀሰችኝም፤ የወቀሰችኝ ያህል ግን በደጃፏ ሳልፍ የአንዷን መኪና ድምፅ ብቻ እሰማለሁ።

ብሎኖቹን ጠይቄ ተቀበልሁ። በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ሰጡኝ። ያን በነጠላዬ የቋጠርሁትን የመጀመሪያ ጥርሴን ከሣጥን አውጥቼ ከእነርሱ ጋር አስቀመጥሁት። ለየሺእመቤት፣

«እንግዲህ እንደ ፈራሽው ብረት ይዤ አልቀበርም» አልኋት።

የሳቀች መስሎኝ ቀና ብዬ ሳይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር።

የመምራቱን ነገር ለአለቃው ነገርሁ፤ ቦታው ለጥበቡ ተሰጠ። ተነቃዩን ጥርስ ዛሬም ለምግብ አደርገዋለሁ፤ ስኳሬ ጤና ጣቢያው ባለኝ ልክ ነው፤ ድዴም አይደማም። ሐኪሞች መዳን የሚሉት ይህ ከሆነ ድኛለሁ። ልጄ አንዲት መኪናዋን፣ እኔም ስእለቴን አጥተን ነው የዳንሁት።

ያለፈው ጥር በዓሉ ደረሰ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ የሺእመቤት የማኅሌት ልብሴን፣ ጥንግ ድርቡን፣ አጥባ ደጃፍ ላይ ሰቅላ ጠበቀችኝ። ገባሁና ከረድፉ መጨረሻ ቆምሁ። ጥበቡ በእኔ ቦታ ቆሞ፣ ያች እኔ ከዓመት በፊት ያቋረጥኋት ዜማ ስትደርስ ድምፁን ሊያነሣ አየር ሳበ፤ ግን አላነሣም። ከረድፉ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ሕዝቡ ሁሉ ያያል። በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ ያችን ዋሽንት እንኳ ይዘሃት በመጣህ።»

አልቀለደም። በሃምሳ ዓመት ወዳጅነታችን ያልቀለደው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አልችልም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጀመረ፤ ተቀበሉት። እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ መቋሚያዬን ከሁሉም ጋር እኩል አነሣሁ፣ እኩል አወረድሁ። ከሩቅ ለሚያየኝ የምዘምር እመስል ነበር።

እናንተ የምታነቡኝ ወንድሞችና እኅቶች፣ መፋቂያችሁ ሲደማ እንጨቱን አትውቀሱ፤ ደማችሁን አስመርምሩ። ከሐኪም ፊት ስትቀመጡም ሕመማችሁን ብቻ አትናገሩ፤ ጾማችሁንም ተናገሩ፤ የምትቆርቡበትን ቀን፣ ውኃ የማትቀምሱበትን ሰዓት ተናገሩ። ማተቧን ባታዩትም ተናገሩ። ጾሙ አልጎዳኝም፤ ለሕመምተኛ የተሰጠውን ፈቃድ ለሌላው ስሰጥ ኖሬ ለራሴ መከልከሌ፣ ያንንም መደበቄ ነው የጎዳኝ።

ለእርሱ ምስጋና ይሁን፤ እኔ ባልዘምርለትም የሚዘምርለት አላጣምና።